ይሉኝታና ተጠያቂነት፤ ግለሰብ ከኅብረተሰብ ጫና ፊት

«ይሉኝታ» የሚለው ቃላችን አሠራሩ ሲመረመር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በሆዱ የያዘ ሆኖ ይገኛል። «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም እንደ መሆኑ መጠን ተናጋሪዎቹ ብዙዎች፣ የሚነገርበት ሰው ግን አንድ ነው። የሚነገርበትን ሰው እናውቀዋለን፤ ራሱ ባለ ይሉኝታው ነው። ተናጋሪዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ግን ቃሉ አይገልጽም። ጎረቤት ይሁኑ ዘመድ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይሁኑ የዕድር አባል፣ ወይም ጭራሹን በሕይወት የሌሉ አያት ቅድመ አያቶች ይሁኑ በስም ተለይተው አይጠሩም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንፈልገው ጥያቄም ከዚሁ ከቃሉ ጠባይ የሚመነጭ ነው። አንድ ሰው በልቡ ያላመነበትን ነገር «ሰው ምን ይለኛል» በማለት ብቻ ቢፈጽመው፣ ድርጊቱ የማን ነው? የእርሱ ነው? ወይስ ስማቸው ያልተጠራው የእነዚያ ተናጋሪዎች?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተዘጋጅተው የተቀመጡ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም ከድካም ያድናሉ። አንደኛው፣ ሰው ነፃ ፍጡር ነውና ለሠራው ሁሉ ብቻውን ይጠየቃል ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ኑሯቸው ከጎረቤት አፍ ራቅ ብሎ የተመሠረተላቸው ናቸው። ሁለተኛው፣ ሰው የኅብረተሰቡ ውጤት ስለ ሆነ ክፋቱም በጎነቱም የኅብረተሰቡ ነው ይላል። ይህኛው መልስ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በየአዳራሹ፣ በየመማሪያ ክፍሉና በየመጽሔቱ ገጽ እጅግ ተዘውትሮ ይሰማ ነበር። እውነትነት አይጐድለውም፤ ይሁን እንጂ መልሱን የሚሰጠው ሰው እርሱ ራሱ ከኅብረተሰቡ ውጭ የቆመ ይመስል የሚናገር መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርማል።

ሥነ ጽሑፋችን ይህን ነገር ከብዙ የፍልስፍና ክርክር በተሻለ አኳኋን አሳይቶናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉትን ፊታውራሪ መሸሻን እንውሰድ። መምህራን እኒህን ገፀ ባሕርይ ሲያስተምሩ የጨቋኝ ባላባት ምሳሌ አድርገው ያቀርቧቸዋል፤ ይህም ትክክል ነው። ባላገሩ ተማሮ እስኪነሣባቸው ድረስ የሚጭኑበት ሸክም በመጽሐፉ በሰፊው ተተርኳል። ነገር ግን ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ ሽማግሌ የላኩትን ሁሉ «በዘር አይመጥኑኝም» በማለት ሲመልሱ፣ ልጃቸውም በአባቷ ቤት ሳለች ዕድሜዋ ሲነጉድ፣ ያን ጊዜ የምናየው ጨቋኝ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ግቢያቸው የታሰሩ ሰው ነው። ልጃቸውን ለማን መስጠት እንዳለባቸው ከበላያቸው ሆኖ የሚያዝዛቸው የለም። የሚወስንላቸው አብልጠው የሚያከብሩት፣ ደግሞም አብልጠው የሚፈሩት የእኩዮቻቸው አንደበት ነው። ለበታቾቻቸው ገዥ፣ ለአቻዎቻቸው ወሬ ግን ተገዥ ናቸው። ደራሲው ይህን ሲያሳዩን ይቅር እንድንላቸው አልጠየቁንም፤ ጨቋኝነትና ፍርሃት በአንድ ደረት ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ ብቻ አሳዩን።

በዛብህ ደግሞ ገና ራሱን ሳያውቅ ወላጆቹ ተስለው ለእግዚአብሔር አገልግሎት የሰጡት ልጅ ነው። ይህ ስለት ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ ልጃቸው እንዲኖርላቸው ከመመኘት የመጣ ነው። ስለዚህም ከባላባቱ ጅራፍ ይልቅ ስለቱ ይከብዳል። ጅራፍን መጥላት ይቻላል፤ የእናትን ፍቅር ግን በምን ዓይነት ድፍረት ይጠሉታል? የኅብረተሰብ ጫና የጠላት ፊት ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በምክር፣ በምርቃት፣ «ለአንተው ብለን እኮ ነው» በሚል ለስላሳ ቃል ተሸፍኖ ነው።

ስለ ጉዱ ካሳም አንድ ነገር ማለት ይገባል። አካባቢው «ጉዱ» የሚል ስም ሰጥቶት እንደ እብድ ይቆጥረዋል። ይህ ስም ለካሳ ቅጣት ብቻ ሳይሆን የመናገሪያ ፈቃድም ሆኖለታል። እብድ የተባለ ሰው የፈለገውን ይናገራል፤ ማንም አይከለክለውም፤ ማንም ግን አይሰማውም። አንድ ኅብረተሰብ እውነት የሚናገርበትን ሰው ዝም ማሰኘት ሳያስፈልገው ንግግሩን ከንቱ የሚያደርግበት ከዚህ የሚሻል ዘዴ አልተገኘም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «እሱን ተወው፣ ጠባዩ ነው» የሚባል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነው።

ኖርዌያዊው የቴአትር ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው «የሕዝብ ጠላት» በተሰኘው ተውኔት ይኸው ጉዳይ በሌላ መልኩ ቀርቧል። ዶክተር ስቶክማን የከተማዋ መታጠቢያ ውኃ የተበከለ፣ ለሕመምተኞችም አደገኛ መሆኑን በምርመራ ይደርስበታል። ከተማዋ ግን የምትኖረው በዚያ ውኃ ገቢ ነው። ከንቲባው ወንድሙ፣ የጋዜጣው ሰዎችና የቤት ባለንብረቶች ሁሉም ይከዱታል። ብዙ ሐያሲያን የሚጽፉት ስለ ዶክተሩ ጀግንነት ነው፤ እኛ ግን ዓይናችንን የሚስበው በመጨረሻው ገቢር ብቅ የሚሉት ትንንሽ ሰዎች ናቸው። የቤት አከራዩ ቤቴን ልቀቅልኝ ይላል፤ ይህን ማድረጉ ባያስደስተውም እምቢ ለማለት አይደፍርም። የዶክተሩ ልጅ ፔትራ መምህርት ናትና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ታሰናብታታለች፤ ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደብዳቤ ደርሷት ፈርታ ነው። «አልደፍርም» የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚያች ከተማ ውስጥ ዶክተሩን በእውነት የሚጠሉት ሰዎች ቢቆጠሩ ከእጅ ጣት ላይበልጡ ይችላሉ። የቀሩት ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚፈራሩ ናቸው። የሚፈሩት «ሕዝብ» ደግሞ እነርሱው ናቸው።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ማንኛችንም ብንሆን «ሰው» ባልነው ውስጥ ራሳችንን አንቆጥርም። ለጎረቤታችን ግን «ሰው» ማለት እኛ ነን። እርሱ የእኛን አፍ ፈርቶ የሚያደርገውን እኛ ደግሞ አይተን «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» እንላለን፤ እኛም የእርሱን አፍ ፈርተን እንከተለዋለን። እንዲህ ሲል ማንም ያላመነበት ልማድ ሁሉም እንዳመነበት ሆኖ ይኖራል።

የአገራችን የእጅ ባለሙያዎች ታሪክ የዚህ መራራ ምስክር ነው። ገበሬው ማረሻውን ያሠራው ከቀጥቃጩ፣ እንጀራውን የጋገረው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ፣ የለበሰውም ሸማኔው የሠራውን ነው። ይሁንና እነዚሁ ባለሙያዎች «ጠይብ»፣ «ፋቂ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ይገለሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የሠራተኛ ሰው በሙያው ስም እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዐዋጁ ስድቡን ነቀፈ፤ ልማዱን ግን በአንድ ትውልድ አልነቀለውም። ምክንያቱም ልማዱ የቆመው በስድብ ላይ ብቻ አልነበረም። አባትየው ተነጥሎ ቢጠየቅ «እኔስ በቡዳ አላምንም፤ ነገር ግን ልጄን ብሰጥ ዘመድ ምን ይለኛል» ይላል። ዘመዱም ተነጥሎ ቢጠየቅ መልሱ ከዚህ አይለይም። የእምነቱ ባለቤት ማን ነው ተብሎ ቤት ለቤት ቢፈለግ አይገኝም፤ ጉዳቱ ግን በሸክላ ሠሪዋ ቤት ውስጥ ይገኛል። ልጇ ከእኩዮቹ ተለይቶ ሲውል የሚያይ ሰው፣ ይህ የማንም ሥራ አይደለም ብሎ ሊናገር አይችልም። ባለቤት ያጣ እምነት ማለት ሁሉም በእኩል የሚካፈለው ዕዳ ማለት ነው እንጂ ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ይሉኝታን ከነጭራሹ የሚያወግዝ ሊመስል ይችላል። ወደ ኤኮኖሚው መስክ ስንሸጋገር ግን ፍርዳችንን ረጋ ማድረግ ያስፈልጋል። ዕቁብን እናስብ። ሃያ ሰዎች በየወሩ መቶ መቶ ብር እያዋጡ ዕጣ የሚያወጡ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው የከፈለው 100 ብር፣ የተቀበለው 2,000 ብር ነው። ለቀሩት 19 ወራት የ1,900 ብር ባለ ዕዳ ነው። ቤት አላስያዘም፤ ወለድ አይከፍልም፤ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ውል እንኳን አልፈረመም። ዋስ ጠርቶ ይሆናል፤ ያ ዋስ ራሱ ግን በምን ታምኖ ዋስ ሆነ? እያንዳንዱ አባል በየወሩ ገንዘቡን ይዞ እንዲመጣ የሚያደርገው «ዕቁብ በላ» እንዳይባል መፍራቱ ነው። ባንክ በሩን የማይከፍትለት ሰው፣ መያዣ የሚሆን ንብረት የሌላት ባለ ጉልት፣ የሚያስይዙት ነገር ቢኖር ስማቸው ነው። ይሉኝታ የድኾች ካፒታል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዕድርም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ያልደረሰ አባል መቀጫ መክፈሉ አንዳንድ ወጣቶችን ያስቃቸዋል። ነገር ግን ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው በዚያች ሌሊት ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ሲደርስለት፣ ጎረቤቱም አብሮት ሲያድር፣ ያ ሁሉ ሰው የመጣው ከፍቅር ነው ወይስ ከመቀጫ ፍርሃት ነው ብሎ አይመረምርም። ምናልባት የመጡትም ለይተው አያውቁትም።

ይሁን እንጂ ስምን መያዣ አድርጎ የሚኖር ሰው ስሙን ለማስጠበቅ የሚከፍለው ዋጋ አለ። እዚህ ላይ ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የመንግሥታት ሀብት በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ የሰጠው አንድ ምሳሌ ይረዳናል። የበፍታ ሸሚዝ ለሕይወት የግድ አስፈላጊ አይደለም፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለ እርሱ ተመችቷቸው ኖረዋል። በእርሱ ዘመን ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል አንድ የቀን ሠራተኛ ያለ በፍታ ሸሚዝ ሰው ፊት መቅረብ ያሳፍረዋል። ሸሚዙ የሌለው ሰው ክፉ ጠባይ ቢኖረው ነው እንጂ እዚህ አይደርስም ነበር ተብሎ ይገመታልና። ስለዚህ ስሚዝ ሸሚዙን ከቅንጦት ሳይሆን ከግድ አስፈላጊ ነገሮች ወገን መደበው። ይህን የጻፈው የገበያ ፍልስፍና አባት የሚባለው ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የሰው ፍላጎት በሆዱና በጀርባው ብቻ እንደማይለካ፣ አንገትን ቀና አድርጎ መሄድም ዋጋ እንዳለው አይቷል።

ይህን ምሳሌ ወደ እኛ አገር ስናመጣው ተዝካርና ሠርግ ትዝ ይሉናል። ለአባቱ ተዝካር ጥማድ በሬውን ሸጦ ደግሶ በማግሥቱ በሬ ለምኖ የሚያርስ ገበሬ ታሪክ በየአካባቢው ተሰምቷል። ከተሜው ይህን ሰምቶ ያዝናል፤ ወይም ይስቃል። ከዚያም ለልጁ ሠርግ ዕቁብ አስቀድሞ በልቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አዳራሽና መኪና ተከራይቶ፣ ለፎቶግራፉና ለቪዲዮው ከፍሎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲገፋ ይከርማል። በሬ የሸጠውን ሰው አላዋቂ፣ ራሱን ግን ሥልጡን አድርጎ ይቆጥራል። የሁለቱ ልዩነት የበሬውና የመኪናው ልዩነት ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አይተውትም?» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ ንግግር፣ ብዙ ጽሑፍም በዚህ ጉዳይ ቀርቧል። ችግሩ ምክሩ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ባለ ጸጋው ሠርጉን በሃያ ሰው ምሳ ቢጨርሰው «ቁጥብ ነው፣ ዘመናዊ ነው» ይባላል። ድኻው ያንኑ ቢያደርግ «ቢያጣ ነው፣ ሰውም የለው» ይባላል። አንዱን ድርጊት ሁለቱ የሚከፍሉበት ዋጋ የተለያየ ነው። የስሚዝ ሸሚዝ እንዲሁ ነበር፤ የተቀደደ ልብስ የለበሰ መስፍን ትሑት፣ የተቀደደ ልብስ የለበሰ አናጢ ግን ምናምንቴ ነው። እንግዲህ ድፍረትን ለድኾች መስበክ፣ ሰባኪው የማይከፍለውን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል ማዘዝ ይሆናል። ከልማድ የመውጣት ግዴታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው ስሙ በማይጎድፍበት ሰው ላይ ነው። ዲሬክተሩ፣ ባለ ሱቁ፣ የታወቀው አርቲስት፣ የተከበረው ሽማግሌ የልጃቸውን ሠርግ ቢያሳንሱ፣ ለጎረቤታቸው ለማሳነስ ምክንያት ያበጁለታል። ሲያተልቁት ደግሞ የራሳቸውን ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያወጡት፤ የጎረቤታቸውንም በሬ እያስሸጡ ነው። «በገዛ ገንዘቤ ምን አገባችሁ» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጫና ከኃይል የሚለይ መሆኑንም ማመልከት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ለፈሪ ምቹ ነውና። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ የሥዕል ጥሪ ያለው ሰው ነው። ዘመዶቹ ግን ትዳር እንዲይዝ፣ ወግ ማዕረግ እንዲያይ ይወተውቱታል። ማንም እጁን አልያዘውም፤ ሸራውንም የቀደደበት የለም። አበራን የያዘው ውትወታው በራሱ ውስጥ የሚያገኘው መልስ ነው፤ ይህ ጫና ነው። ያው ደራሲ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ፣ እርሱ ከሥራው ተሰናብቶ፣ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አለመመለሱ ግን ጫና አይባልም። ይህ ኃይል ነው፤ ፈጻሚም አለው። ኃይል የደረሰበትን ሰው ለምን አልታገልህም ማለት አይገባም። ነገር ግን በኃይል ዘመን ውስጥ የኖሩ ሁሉ ያደረጉትን ሁሉ በኃይል ተገድደው አደረጉት ማለትም አይደለም። ማንም ሳያዝዘው የባልደረባውን ሰላምታ ያቋረጠ፣ ማንም ሳይጠይቀው በጎረቤቱ ላይ የተናገረ ሰው ነበረ። «ጊዜው ነው» የሚለው ምላሽ ለአንዳንዱ እውነት፣ ለአንዳንዱ መሸሸጊያ ነው። ሁለቱን መለየት የታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው የሌሊት ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ደራሲያን ልዩ ኃላፊነት አለባቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከአብዮቱ በኋላ ከወጡት ድርሰቶችና ተውኔቶች መካከል ገፀ ባሕርይው ገና ሲገባ የመደቡን ካባ ደርቦ የሚገባባቸው፣ የሚናገረውም የሚያደርገውም አስቀድሞ የታወቀባቸው ብዙዎች ነበሩ። ቁጣቸው እውነተኛ ነበር። ጉድለታቸው የሰውን ችግር ከኅብረተሰቡ ማያያዛቸው ላይ አልነበረም፤ ይህ ትልቁ ጥንካሬያቸው ነበር። ጉድለታቸው ለሰውየው የመወላወያ ደቂቃ አለመስጠታቸው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በወጡት ብዙ ልብ ወለዶች ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፤ ገፀ ባሕርይው የቤት ኪራይ የማይከፍል፣ ዘመድ የማይጠይቀው፣ ዕድር የሌለው፣ ሐሳቡን ብቻ እየተመገበ የሚኖር ፍጡር ነው። ሁለቱም እኩል ይርቁብናል። ፊታውራሪ መሸሻ ሽማግሌዎቹን ከመመለሳቸው በፊት የሚያልፈው ያ ጊዜ፣ አከራዩ የቤቱን በር ከማንኳኳቱ በፊት የሚያመነታበት ያ ደረጃ፣ የሥነ ጽሑፍ ቦታው እዚያ ነው። ጫናው እዚያ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይታያል፤ ሰውየውም እዚያ ላይ ገና ሰው ነው።

ለተራው ኑሮም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ የሰውየው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው በራሱ ድፍረት አይደለም፤ ያን አሳልፎታል። የሚወሰነው ሁለተኛ እጅ በመውጣቱና ባለመውጣቱ ነው። ሁለተኛው እጅ ከወጣ የመጀመሪያው ሰው ሐሳብ ያቀረበ ይባላል፤ ካልወጣ ግን ጉዱ ይባላል። መምህራን በክፍላቸው ውስጥም ይህን ያውቁታል። ሁሉም የሚስቁበትን ተማሪ ለማዳን ክፍሉ በሙሉ መሳቁን እንዲያቆም አያስፈልግም፤ ከጎኑ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ብዙውን ያስተካክላል።

በኢብሰን ተውኔት መጨረሻ ዶክተር ስቶክማን የሚደርስበት ድምዳሜ ብቻውን የሚቆም ሰው ከሁሉ ብርቱ ነው የሚል ነው። ተመልካች ግን ዙሪያውን ቢያይ ሰውየው ብቻውን አለመቆሙን ይገነዘባል። ሚስቱና ልጁ አጠገቡ ናቸው። ከእነርሱም ሌላ ሆርስተር የሚባል አንድ የመርከብ አዛዥ አለ። ስለ ከተማዋ ፖለቲካ እምብዛም የሚያውቀው ነገር የለም፤ በመድረክ ላይ ረጅም ንግግር አያደርግም፤ ስለ ነፃነትም አይፈላሰፍም። ዶክተሩ የመሰብሰቢያ ቦታ ባጣ ጊዜ የቤቱን አዳራሽ ከፈተለት። በዚህ ምክንያት የመርከቡ ባለቤት ከሥራው አሰናበተው። ዶክተሩ ከተከራየው ቤት በተባረረ ጊዜም ሆርስተር እዚያው እኔ ቤት ግቡ አለው።